ጋጣ አደረች እንዳታስብዪኝ

እናቴ በሕይወቷ ምስጢር ጠብቂልኝ ብላ የለመነችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የለመነችኝም ምስጢሩን ካወጣሁባት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ማለቂያ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ማረፊያ ሁለት ሌሊት አድረን ስንመለስ፣ ለገና የሚሆን ቅቤ ልንገዛ ሸኖ ላይ መኪናችንን አቁመን ነበር። ልጄ እግሩን ሊያፍታታ ወረደ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ለሰፈር ሰው ግን ጋጣ አደረች እንዳታስብዪኝ» አለችኝ። እኔም «እሺ» አልኳት። በዚያች ሰዓት ጋጣው ደጃፍ ላይ የቆመችበት ፎቶግራፍ ፌስቡክ ላይ ከወጣ ሁለት ቀን ሆኖት፣ ከሰፈራችን ሰው ብቻ አሥራ አንዱ ወድዶት ነበር።

ነገሩ ትንሽ ነው። የተጎዳም የተጣላም የለም፤ ለሰው ቢያወሩት «ታዲያ ምን ይሁን?» የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ያቺ «እሺ» እስከ ዛሬ አልተዋጠችልኝም።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ። እኔ ግን አራት ኪሎ ተወልጄ፣ አራት ኪሎ አድጌ፣ ከቤታችን እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ካለው ቁልቁለት በቀር የረባ ተረተር ሳላውቅ፣ ያላየሁት አገር ሲናፍቀኝ ነው የኖርኩት። እናቴ ስለ ትውልድ አገሯ ስለ መንዝ የምትነግረን እጅግ ጥቂት ነበር፤ የጎደለውን እኔ ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሥዕልና ከዘፈን ቪዲዮ እየለቀምኩ ሞላሁት። በዚያ አገር ሣር ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፣ እረኛው ሁልጊዜ ዋሽንት ይነፋል፣ እበት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የድሮ ጋጣ ታድሶ የእንግዳ ማደሪያ የሆነበት ቦታ እንዳለ ስትነግረኝ፣ ዋጋው ለአንድ ሌሊት 1,800 ብር መሆኑ እንኳ አላስደነገጠኝም። ለእናቴ «ቆንጆ ማረፊያ ነው፣ ያንቺ አገር ሰፈር ነው» አልኳት እንጂ ጋጣ መሆኑን አልነገርኳትም። ደርሳ ስታየው ደስ ይላታል ብዬ ነው።

የታጠበው ጋጣ

ከአዲስ አበባ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋና በሸኖ አድርጎ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያን ጊዜ መንገዱ ሰላም ስለ ነበር ሰው ለሽርሽር እንደ ልቡ ይመላለስበት ነበር። ከደብረ ብርሃን ወጥተን ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ ብርዱ ጠና። በየአውድማው ገብስ ይወቃል፤ በሬዎቹ አፋቸው ተለጉሞ ይዞራሉ። እናቴ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ እያንዳንዱን አውድማ እስከሚያልፍ ድረስ በዐይኗ ስትሸኝ፣ እኔ ትዝታ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ ያለችውም «ይሄኛው ገና እርጥብ ነው፣ ቸኩለዋል» የሚል ነበር።

የማረፊያው ባለቤት አዲስ አበባ በአስጎብኚነት ሲሠራ ቆይቶ አባቱ ሲያርፉ ወደ ቀዬው የተመለሰ ወጣት ነው። ዋናውን ቤት ለእናቱ ትቶ፣ ከጎኑ የተያያዘውን ጋጣ ብቻ አድሶታል። ሲያድሰው ልቡን የጣለበት መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ግንቡን ከውስጥ የለበሰውን የጭቃ ልስን ፍቆ ድንጋዩን አውጥቶታል፤ ወለሉን በሲሚንቶ ሊሾ አድርጎታል፤ ወደ ገደሉ በኩል በር የሚያህል መስኮት ከፍቷል። ምሰሶዎቹን በዘይት አሽቷቸዋል። ከብቶቹ ሣር ይበሉበት የነበረው ግርግም ደግሞ ተወልውሎ፣ ብርድ ልብስና ጥቂት መጻሕፍት ተደርድረውበት፣ የቤቱ ጌጥ ሆኗል። ካሰብኩት በላይ ያምር ነበር።

እናቴ ደፉን ሳትሻገር ቆመች። ጣሪያውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ እጇን መቃኑ ላይ አሳረፈች።

«ይግቡ እንጂ እማማ» አላት ባለማረፊያው ልጅ።

«ከብቶቹ የት ሄዱ?»

«ታች በረት ሠርተንላቸዋል።»

«ታዲያ ቤቱን ማን ያሞቀዋል?»

ልጁ በትሕትና ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥግ ላይ የቆመችውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አሳያት። እሷ ማሞቂያዋን ልክ ሰው አስተዋውቀውኝ ነው እንደምትል ሁሉ በአክብሮት አየቻትና ገባች። እኔ ግን ከዚያ በፊት፣ እጇ መቃኑ ላይ እንዳለ፣ ፎቶግራፍ አንሥቻት ነበር። ከሥሩም «እማዬ ወደ ልጅነቷ በረት ስትመለስ» ብዬ ጻፍኩበት። ኔትወርክ ስላልነበረ እሱን ፍለጋ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ከሚነጩበት ገደል ጫፍ ድረስ ሄጄ ነው የለቀቅሁት። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚሉትን ተረት እኔ በእግሬ ሄጄ ፈጸምኩት ማለት ነው።

ቃሉም ቢሆን ስሕተት ነበር። በረት ውጭ ነው፣ አጥር ነው፤ ከብት በቤት ውስጥ የሚያድርበት ጋጣ ይባላል። ይህን ያረመችኝ እናቴ ናት፤ ጽሑፉን አይታ ሳይሆን ማታ በጨዋታ መካከል በረት፣ በረት ስል ሰምታ።

እራት ከመቅረቡ በፊት እናቴ ጣሪያውን በተመለከተ ከባለማረፊያው ልጅ ጋር ያደረገችው ንግግር ሳልጠቅሰው የማልፈው አይደለም። ክዳኑ ጓሳ የሚባለው ሣር ነው፤ ከመንዝ አስመጥቶት ነበር። የመንዝ ሰው የጓሳውን ሜዳ ቄሮ በሚባል የቆየ ሥርዓት፣ ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲከፈት ብቻ በወግ እያጨደ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይጠብቀው ነበር፤ እናቴም አባቷ ሜዳው የሚከፈትበትን ቀን እንዴት ይጠባበቁ እንደ ነበር ነገረችው። ከዚያ ቀና ብላ «ይሄ ግን ይበሰብስብሃል» አለችው። ልጁ ደነገጠ፤ በመጀመሪያው ክረምት በሁለት ቦታ አፍስሶበት ነበርና። «ጭስ የለውማ» አለችው። ሣር ክዳንን ከነቀዝና ከርጥበት የሚያቆየው ከሥሩ ሲነድ የሚኖር ምድጃ ነው፤ ጥቀርሻው ይቀባዋል፣ ያደርቀዋል። ልጁ ግን እንግዶቹ ዐይናቸውን እንዳያቃጥላቸው ምድጃውን ነቅሎታል። የጭቃውን ልስን መፋቁም፣ ወለሉን በሲሚንቶ መድፈኑም እንዲሁ ብርዱንና እርጥበቱን ወደ ቤት የሚያስገባ እንደ ሆነ እናቴ አንድ በአንድ ነገረችው። በሰው ቤት እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ስድስት ዓመት መሐንዲስነት የተማረ ሰው እንኳ እንዲህ አይናገረውም።

አንድ ሌሊትና አሥራ አምስት ዓመት

ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለ ነበር እራታችን ሽሮና ጎመን ነበር። በልተን ሳንጨርስ መብራት ጠፋ፤ ማሞቂያዋም ጠፋች። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጄ በሻማው ብርሃን ግርግሙን እየደባበሰ ቆየና «እማማ፣ ጌታ የተወለደው እንደዚህ ባለ ቤት ነው አይደል? ሲያስቀና!» አላት።

እናቴ ሻማውን እያስተካከለች፣ ሳታስበው፣ «እሱ የተኛበት ጥቂት ሌሊት ነው፤ እኔ አሥራ አምስት ዓመት ተኝቼበታለሁ» አለች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነችና አማተበች። «ይቅር በለኝ» አለች፤ ይቅርታ የጠየቀችው ፈጣሪን ይሁን እኛን ለይቼ መናገር አልችልም። ልጄ ሳቀ። እኔ በዚያን ጊዜ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ እናቴ ጋጣ ውስጥ ማደጓን የሰማሁት ገና ያን ማታ ነው።

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለዚያ አገር ኅዳርንም እንደሚጨምር ሌሊቱን ተረዳሁት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ብርዱ ሲቀሰቅሰኝ የእናቴ አልጋ ባዶ ነበር። የስልኬን መብራት አበራሁ። ጋቢዋን ተከናንባ ከግርግሙ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች። በግንቡ ውስጥ ከተካተቱት ድንጋዮች አንዱ ከጥግ ወደ ጥግ የተበሳ ነው፤ እሷ ጣቷን በቀዳዳው ታስገባለች፣ ታወጣለች። ጠጋ ብዬ አየሁት። የቀዳዳው አፍ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል፤ የስንት ዘመን ገመድ እየፈተገው እንደ ኖረ እንጃ። ቀኑን ሙሉ ያንን ግንብ ሳደንቅ ውዬ ይህችን ቀዳዳ አላየኋትም።

«ላሟ የምትታሰረው እንዲህ ካለው ላይ ነበር» አለችኝ፣ ለምን ተነሣሽ እንኳ ሳትለኝ። «በሬዎቹ ወደ በሩ፣ እሷ ወደ እኛ።» ስድስት ልጆች ከላይ ቆጥ ላይ ይተኛሉ፤ ከታች ሁለት በሬና አንዲት ላም ያድራሉ፤ የከብቶቹ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። ውጭ ውርጭ ሲጥል ቤቱ ውስጥ ላብ የሚያስወጣ ሌሊት ነበር አለችኝ። ላሟ ሌሊቱን ሙሉ ስታመሰኳ ታድራለች፤ ልጆቹ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ማመስኳቷን ካቆመች ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፤ ደጅ ጅብ አለ ማለት ነውና። «ዝም ስትል ነው የምንነቃው» አለችኝ። «አሁንም የቀሰቀሰኝ እሱ ነው፤ በጣም ዝም ይላል።»

ዝምታውን ነበር እኔ በ1,800 ብር የገዛሁት።

ከዚያ ሌላውን ነገረችኝ። ሲነጋ እበት መዛቅ የእሷ ሥራ ነበር፤ አገሩ ዛፍ ስለሌለው ጠፍጥፋ ኩበት ታደርገዋለች፣ ኩበቱም ያበስላል፣ ያሞቃል፣ ይጨሳል። በ1960 ዓ.ም.፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ዘመድ ተከትላ አዲስ አበባ ስትመጣ አራት ኪሎ ከሚገኝ የአንድ ባላባት ግቢ ለሥራ ገባች። የግቢው ገረዶች የመጀመሪያ ዕለት ማታ አብረዋት መተኛት እምቢ አሉ። «ጋጣ ጋጣ ትሸታለች» አሉ። ሳሙና ገዝታ፣ ደጋግማ ታጥባ፣ ይዛው የመጣችውን ቀሚስ ወንዝ ዳር አቃጥላ፣ ከዚያም ወዲህ ለማንም ስለ መንዝ ላለመናገር ወሰነች። ቀሚሱን ማቃጠሏን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። ጣቷ ብቻ በቀዳዳው ውስጥ ቆመ።

«ቢሆንም ጋጣ መች ለቀቀኝ» አለች ቆይታ፣ ፈገግ ብላ። «የእኛ ቤት ቀለበት ታዲያ ምን መሰለሽ?»

የጌቶች በቅሎዎች

የእኛ ቤት ግድግዳ ላይ ሦስት ወፋፍራም የብረት ቀለበቶች ነበሩ። በልጅነቴ ምን እንደ ሆኑ ስጠይቃት «ማንጠልጠያ» ብላኝ ነበር፤ እኔም የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንጠልጥዬባቸዋለሁ። ለካ የበቅሎ ማሰሪያ ናቸው።

የመሐል አዲስ አበባ ሰፈሮች አብዛኞቹ የተፈጠሩት በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ መሆኑን፣ ራስ እገሌ ሰፈር፣ ደጃች እገሌ ሰፈር የሚባለውም ስለዚሁ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በግቢው ውስጥ አዳራሽና ዕልፍኝ፣ ወጥ ቤትና ጋጣ ነበር። እናቴ በመጣችበት ጊዜ ጌቶች መኪና ገዝተው በቅሎዎቹ ስለ ወጡ፣ ጋጣው በስስ ግድግዳ ተከፋፍሎ ለሠራተኞች ማደሪያ ተሰጥቶ ነበር። አንደኛው ክፍል ለእሷ ደረሳት። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ ግቢው ለቀበሌ ሆነ፣ ክፍሉም በስሟ ተከራየ። በኋላ የጎኑን ጨመረች፣ አገባች፣ እኔን ወለደች። ወደ ማረፊያው በሄድንበት ዓመት የዚያ ቤት የወር ኪራይ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያነሰ ነበር። እንግዲህ ከአንዱ ጋጣ ወጥተን በሌላ ጋጣ ለማደር ነው ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩት።

በዚያ ሌሊት ልጅነቴ ሁሉ ቦታውን ሲቀይር ተሰማኝ። ብይ ስጫወት ብዩ ምንጊዜም ወደ በሩ ይንከባለልብኝ ነበር፤ ወለሉ ወደ በሩ ያዘነበለው የበቅሎዎቹ ሽንት እንዲወርድ ታስቦ ነዋ። መስኮታችን ከራስ በላይ የነበረው በቅሎ መስኮት ስለማያስፈልጋት ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ግድግዳውን ኖራ ትቀባለች፣ ቀለበቶቹን ግን በቢጫ ቀለም ትቀባቸው ነበር፤ ጌጥ እንዲመስሉ። ዳንቴል መጋረጃ፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ የፕላስቲክ አበባ። የቤታችን ወለል በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠብ እንደ ነበር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ለምን እንደ ሆነ ግን ያወቀ አልነበረም።

ሁለቱን አዳሾች ሳስተያይ እኖራለሁ። ልጁ ልስኑን የፋቀው ጋጣነቱ እንዲታይ ነው፤ እናቴ ኖራ የቀባችው ጋጣነቱ እንዳይታይ ነው። የእሱ ሥራ ፎቶግራፍ ያስነሣል፣ የእሷ አያስነሣም። በመካከላቸው ደግሞ እኔ አለሁ። ድንጋዩን አይቼ «ሲያምር!» ለማለት የቻልኩት፣ ገረዶቹ እሷን ያሏትን ማንም እኔን ሳይለኝ ስላደግሁ ነው፤ ሳይለኝ ያደግሁትም እሷ በቀን ሁለት ጊዜ ስላጠበችው ነው። ይህን ካልኩ በኋላም ግንቡ ያምር ነበር። ያምር ነበር ማለቴን ለመተው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ያ ቤታችን ዛሬ የለም፤ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት አንዱ ነው። እናቴ ያለቀሰችው ስለ ውኃ ቧንቧው ነው፤ በራሷ ገንዘብ ያስገባችው ነበር።

ቡና

ወደ ሸኖ ልመለስ። «እሺ» ካልኳት በኋላ ሰንዳፋ እስክንደርስ ስልኬን ጭኔ ላይ ደብቄ ፎቶግራፉን አጠፋሁት። ማጥፋቱ ቀላል ነው፤ ያዩትን አሥራ አንድ ሰዎች ግን ማጥፋት አይቻልም። ለእናቴ መናገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም፤ ቢያንስ እንዳትሳቀቅ ብዬ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ለመናገር የተሳቀቅሁት እኔ ነበርኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቡናው የእኛ ተራ ነበር። ከጎናችን ያሉት ሴትዮ፣ የእድር ጓደኛዋ፣ መጡ፤ ፎቶግራፉን ከወደዱት አንዷ የእሳቸው ልጅ ናት። እኔ ስኒ አቀርባለሁ፣ ቆሎ አዞራለሁ፣ ዐይናቸውን ማየት ፈራሁ።

«የሄዳችሁበት እንዴት ነበር?» አሉ።

«ጥሩ ሆቴል ነው» አለች እናቴ። «ንጹሕ ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ አልጋውም ስፕሪንግ ነው።»

«ብርዱስ? ያ አገር ይቀዘቅዛል ይባላል።»

«ኧረ ብርዱ አይነሣ! ከብቶቹን አስወጥተዋቸው ምን ይሞቃል?»

ጀበናውን እንደ ያዝኩ ቀረሁ። እናቴ ራሷን ሰማች፤ ቆሎ የያዘ እጇ ከአፏ አጠገብ ቆመ። ልጄ ወለሉ ላይ ብይ ያንከባልላል፤ ብዩ ወደ በሩ ሄደ። ሴትዮዋ ስኒያቸውን እፍ አሉበት፣ አንድ ጊዜ ፉት አሉ፣ ከዚያም እናቴን ሳይሆን የልጄ ጃኬት የተሰቀለበትን ቢጫ ቀለበት እያዩ «ስንት ነበሩ?» ብለው ጠየቁ።

እናቴ ቆሎውን ቆረጠመች።

«ሦስት» አለች። «ላሟ ጥቁር ናት።»